ኤች አይ ቪን በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ቀድሞ ማግኘትና ሕክምናን ሳይዘገዩ ማስጀመር፦ የተመላላሽ ክፍል ባለሙያዎች መመሪያ

አንድ የ32 ዓመት ሰው በግራ ጎኑ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶበት ወደ ተመላላሽ ክፍል መጣ እንበል። መርማሪው ሕመሙን በአንድ እይታ ለየው፤ መድኃኒትና ማስታገሻ አዝዞለት ሸኘው። ከሰባት ወር በኋላ ያው ሰው ከወር በላይ የቆየ ተቅማጥ ይዞ ተመለሰ፤ የሰገራ ምርመራ ተደረገለት፣ መድኃኒት ተሰጠው፣ ሄደ። ለሦስተኛ ጊዜ የመጣው በሁለት ሰዎች ተደግፎ ነው፤ ያስላል፣ ሌሊት በላብ ይጠመቃል፣ ልብሱ ሰፍቶበታል፤ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከለው የሲዲ ፎር ሕዋሱ ቁጥር ከ50 በታች ወርዷል። ይህ ሰው ከሕክምና አልሸሸም። ሦስት ጊዜ በሩን አንኳኩቷል፣ የመጣበት ጉዳይም በየጊዜው ታክሞለታል፤ የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲያደርግ ግን ማንም አልጠየቀውም።

ስለ ዘግይቶ መታወቅ ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው ብዙውን ጊዜ በታካሚው ፍርሃት ላይ ነው። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከጤና ባለሙያው ወገን ሊታረም የሚችለው ክፍተት ሌላ ቦታ ይገኛል። ጊዜ የሚባክነው በአራት መሸጋገሪያዎች ላይ ነው፤ ታካሚው ከመጣበት ቀን ምርመራው እስከቀረበለት ቀን፣ ከመጀመሪያው ምርመራ እስከ ማረጋገጫው፣ ከማረጋገጫው እስከ መጀመሪያው ክኒን፣ ከመጀመሪያው ክኒን እስከ መጀመሪያው የቫይረስ መጠን ልኬታ። ከዚህ በታች የቀረበው እነዚህን መሸጋገሪያዎች ለማሳጠር የሚረዳ የአሠራር መመሪያ ነው፤ መጠኖችና ቀመሮች ከየአገሩ ብሔራዊ መመሪያ ጋር እየተመሳከሩ ሊሠራባቸው ይገባል።

ምርመራው ለማን ይቀርባል

መነሻው ቀላል ነው፤ ምርመራውን የሚያነሳው ባለሙያው እንጂ ታካሚው መሆን የለበትም። ታካሚው ራሱ እስኪጠይቅ የሚጠብቅ ክፍል የሚያገኘው አስቀድሞ የጠረጠሩትን ብቻ ነው፤ ያልጠረጠረው ደግሞ እየዘገየ የሚመጣው ነው። ስለዚህ ለአንዳንድ ታካሚዎች ምርመራው ያለ ምንም ተጨማሪ ምክንያት በየጊዜው ይቀርባል። ነፍሰ ጡሮች በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል፣ የሳንባ ነቀርሳ ያለባቸው ወይም የተጠረጠረባቸው፣ የአባላዘር በሽታ ይዟቸው የመጡ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ ወይም ሲ የተገኘባቸው፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት፣ ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው፣ እንዲሁም ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች የትዳር ጓደኞች፣ የወሲብ አጋሮችና ልጆች በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ቀሪው አዋቂ ደግሞ በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሊመረመር ይገባዋል፤ ተጋላጭነቱ የቀጠለ ሰው በየዓመቱ፣ አስፈላጊ ሲሆንም በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ ይደገምለታል።

ከዚህ በላይ የባለሙያውን ዓይን የሚጠይቁት አመላካች ሕመሞች ናቸው። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሲታዩ ቀላልና ሌላ ምክንያት ያላቸው ስለሚመስሉ ያልፋሉ። አልማዝ ባለጭራ በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ የተለመደ ነው፤ በወጣት ላይ ሲወጣ ግን ሰውነት ለዓመታት አፍኖ የያዘው የአልማዝ ባለጭራ ቫይረስ ለምን አሁን ተነሣ የሚል ጥያቄ ማስከተል አለበት። በአፍ ውስጥ የሚታየውና ሲፋቅ የሚነሣው ነጭ የፈንገስ ሽፋን የስኳር ሕመም በሌለበት፣ ፀረ ባክቴሪያ ወይም የሚሳብ ስቴሮይድ ባልተወሰደበት ሁኔታ ከታየ ምርመራ ሳይደረግ ሊታለፍ አይገባም። ከወር በላይ የቆየ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ከሰውነት ክብደት 10 በመቶ በላይ መቀነስ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የተደጋገመ የሳንባ ምች፣ በአንገትና በብብት ለወራት የቆየ የንፍፊት እብጠት፣ በድንገት የተባባሰ የራስ ቅልና የፊት ቆዳ መቅረፍ፣ የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ለውጥም እንዲሁ ናቸው። ከላብራቶሪ ውጤቶች መካከልም ምክንያት ያልተገኘለት የደም ማነስና የፕሌትሌት ቁጥር መቀነስ በብዛት የሚዘነጉ ናቸው።

አቀራረቡ ከዝርዝሩ ያልተናነሰ ዋጋ አለው። ባለሙያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን ከካርዱ ላይ ሳያነሣ «ኤች አይ ቪ መመርመር ይፈልጋሉ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ታካሚው የሚሰማው ጥያቄውን ሳይሆን ጥርጣሬውን ነው፤ «ምን አይቶብኝ ነው?» ማለቱም አይቀርም። ከዚህ ይልቅ የደም ግፊት መለኪያው በሚነሣበት ድምፅ እንዲህ ቢባል ይሻላል፤ «ዛሬ ከምንሠራልዎ የደም ምርመራዎች አንዱ የኤች አይ ቪ ነው፤ እንዲህ ያለ ሕመም ይዞ ለሚመጣ ሁሉ የምናደርገው ነው። ውጤቱን የምነግረው ለእርስዎ ብቻ ነው። ካልፈለጉ ይንገሩኝ፤ ሌላው ሕክምናዎ እንዳለ ይቀጥላል።» በእነዚህ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ምክንያቱ፣ ምስጢሩና የመከልከል መብቱ ተነግረዋል። ረጅም የቅድመ ምርመራ ምክር አያስፈልግም፤ ወረፋ በበዛበት ክፍል ውስጥ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ምክር ማለት በተግባር ምርመራው ለብዙዎቹ አይቀርብም ማለት ነው።

ፈቃድ ግን አጠረ እንጂ አልቀረም። ማንም ሰው ሳያውቅ ወይም ተገድዶ ሊመረመር አይገባም፤ ለአሠሪ፣ ለቤተሰብ ወይም ለትዳር ጓደኛ ጥያቄ ብቻ ተብሎም አይመረመርም። ዕድሜያቸው ለአካለ መጠን ላልደረሱ ወጣቶች የፈቃዱን ሁኔታ የየአገሩ ሕግ ይወስነዋል፤ የክፍሉ ባለሙያዎች ድንጋጌውን አስቀድመው ማወቅ አለባቸው፤ ወጣቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ እያለ ሕግ መፈለግ አይመችምና። ምርመራውን የከለከለ ሰው ምክንያቱ በአጭሩ ይጠየቃል፣ አይከራከሩትም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮው ጥያቄው እንደገና ይቀርብለታል። በመጀመሪያው ቀን «አይሆንም» ያለ ሰው ቆይቶ «ዛሬ ይሁን» ሊል ይችላል፤ የሁለተኛው ጥያቄ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ምርመራውና አተረጓጎሙ

የጣት ደም ፈጣን ምርመራ የሚለየው በአብዛኛው ቫይረሱን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ቫይረሱን ለመቋቋም ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ አካል እስኪመረት ድረስ ያለው ጊዜ የመስኮት ጊዜ ይባላል። ፀረ እንግዳ አካልን ብቻ የሚለዩ ምርመራዎች ከተጋላጭነት በኋላ ከ23 እስከ 90 ቀናት ውስጥ ነው ቫይረሱን የሚያሳዩት፤ አንቲጂንንና ፀረ እንግዳ አካልን አንድ ላይ የሚለየው የላብራቶሪ ምርመራ ከ18 እስከ 45 ቀናት፣ የቫይረሱን ዘረ መል የሚፈልገው ደግሞ ከ10 እስከ 33 ቀናት። በተግባር ሲታይ፣ ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ ተጋልጦ የነበረ ሰው በፈጣን ምርመራ «የለም» ቢባልም ሦስት ወር ሲሞላው ሊደገምለት ይገባል፤ አዲስ ተጋላጭነት የሌለው ሰው ግን በፍርሃት ብቻ በየሳምንቱ መደጋገሙ አይጠቅመውም።

በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚመጣውን ታካሚ መለየት ከባድ ነው። ቫይረሱ ከገባ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ብዙ ሰዎች ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የንፍፊት እብጠት፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማትና በደረት ላይ የሚወጣ ሽፍታ ይታይባቸዋል፤ ጉንፋን ይመስላል፣ ወባም ይመስላል፣ በራሱ ጊዜም ይጠፋል። በዚያው ወቅት በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ሰውየው በቀላሉ ያስተላልፋል፣ ፈጣኑ ምርመራ ግን «የለም» ሊል ይችላል። እንዲህ ያለ ሕመምና የቅርብ ጊዜ ተጋላጭነት ከተገናኙ የዘረ መል ምርመራ ይታዘዛል፤ እሱ በማይገኝበት ቦታ የኮንዶም ምክር ተሰጥቶ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ምርመራው እንዲደገም የተቆረጠ ቀጠሮ ይያዛል።

አንድ ጊዜ «አለ» ያለ ምርመራ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ በቁጥር ማየቱ ይጠቅማል። ከሚመረመሩ 1000 ሰዎች ውስጥ ቫይረሱ ያለባቸው 10 ናቸው እንበል፤ ምርመራው አሥሩንም ይለያል እንበል፤ ቫይረሱ ከሌለባቸው 990 ሰዎች ውስጥ ግን አንድ በመቶውን በስህተት «አለ» ይላል እንበል። እንግዲህ በኪቱ ላይ ሁለት መስመር የታየባቸው፣ ማለትም «አለ» የተባሉት፣ ሃያ ገደማ ይሆናሉ፤ ከሃያው ደግሞ ግማሾቹ ቫይረሱ የለባቸውም። ኤች አይ ቪ ብርቅ በሆነበት ሕዝብ መካከል ይህ ስህተት ይበልጥ ይሰፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሁሉም አገሮች ሦስት ተከታታይ «አለ» ያሉ ምርመራዎችን የማረጋገጫ መለኪያ እንዲያደርጉ የመከረው ስለዚህ ነው። ሦስቱ ምርመራዎች የተለያየ አሠራር ያላቸው መሆን አለባቸው፤ አንዱኑ ኪት ሦስት ጊዜ መደጋገም ያንኑ ስህተት ሦስት ጊዜ መቀበል ነው። የመጀመሪያው «አለ» ብሎ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው «የለም» ካለ ውጤቱ «ያልተወሰነ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ታካሚውም ከ14 ቀን በኋላ ተመልሶ ይመረመራል። ባለሙያው ያልተወሰነውን በግምት ወደ አንድ ወገን ማዘንበል የለበትም።

ስህተቶች የሚፈጠሩት ብዙውን ጊዜ በኪቱ ሳይሆን በእጃችን ነው። የማንበቢያ ጊዜው ሳይደርስ ወይም አልፎ ማንበብ፣ የመፍሰሻ ፈሳሹን የአንዱን ኪት ለሌላው መጠቀም፣ ጠብታ ማብዛት፣ ኪቱን ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ሥር ማስቀመጥ፣ የደበዘዘውን መስመር «የለም» ብሎ ማለፍ። የደበዘዘ መስመር መስመር ነው፤ ወደ ቀጣዩ ምርመራ ይኬዳል። የመቆጣጠሪያው መስመር ካልታየ ደግሞ ምርመራው አልተሠራም ማለት ነው። የሰዓት ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አራት ሰው በአንድ ጊዜ በሚመረመርበት ጠረጴዛ ላይ የእያንዳንዱ ኪት መነሻ ሰዓት በእርሳስ ካልተጻፈበት በስተቀር ማንም ሊያስታውሰው አይችልም።

ታካሚው ቤቱ ውስጥ ራሱን መርምሮ ከመጣ ውጤቱን በአክብሮት መቀበልና ሙሉውን የማረጋገጫ ሂደት እንደ አዲስ መጀመር ይገባል፤ የራስ ምርመራ ማጣሪያ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ፦ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እየወሰደ ያለ ሰው በፈጣን ምርመራ ደግሞ አይመረመርም፤ መድኃኒቱ ቫይረሱን ስለሚጫን ፀረ እንግዳ አካሉ ሊቀንስና ምርመራው በሐሰት «የለም» ሊል ይችላል። «ድኛለሁ» ብለው መድኃኒት የሚያቋርጡ ሰዎች አንዳንዴ መነሻቸው ይህ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬን ማጥሪያው ጊዜ ከመድኃኒቱ በፊት ነው፤ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት በአዲስ የደም ናሙና፣ ቢቻል በሌላ ባለሙያ እጅ፣ ምርመራው አንድ ጊዜ ይደገማል። ይህ በዚያው ቀን ሊሠራ ይችላል፤ ለሌላ ቀን ቀጠሮ ምክንያት መሆን የለበትም።

ውጤቱን መንገር

መጀመሪያ ስሙና የካርድ ቁጥሩ ይመሳከራል፤ የሌላ ሰው ውጤት ከመንገር የከፋ ስህተት የለም። በሩ ይዘጋል፣ ስልኩ ይጠፋል። ከዚያም ሳይዞሩና ሳያንጠለጥሉ ይነገራል፤ «የምርመራው ውጤት ኤች አይ ቪ በደምዎ ውስጥ መኖሩን ያሳያል።» ከዚህ በኋላ የሚመጣው ዝምታ የታካሚው ነው፤ ባለሙያው በመረጃ ሊሞላው አይገባም። ሰውየው ሲመለስ ሦስት ነገሮች ብቻ ይበቃሉ፤ በቀን አንድ ክኒን የሚወሰድ ሕክምና አለ፤ ቀድሞ የጀመረና ያላቋረጠ ሰው ቫይረሱ ከሌለበት ሰው ጋር የተቀራረበ ዕድሜ ሊኖር ይችላል፤ በሕክምናው ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ከወረደ በወሲብ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ሌላው ሁሉ ለሚቀጥለው ቀን ይቆያል፤ በዚያች ሰዓት የተነገረ ዝርዝር አብዛኛው ከጆሮ አያልፍም።

«ከማን ያዘዎት?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ቀን ምንም የሕክምና ጥቅም የለውም። ይልቅ መጠየቅ ያለባቸው ሌሎች ናቸው፤ ዛሬ ከዚህ ወጥተው ወዴት ይሄዳሉ? ይህን ሊነግሩት የሚችሉት የሚያምኑት ሰው አለ? ቤት ውስጥ ቢታወቅ ጉዳት ይደርስብኛል ብለው ይሰጋሉ? ራስዎን ስለመጉዳት ያስባሉ? ለመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች «አዎ» የሚል መልስ ከተሰጠ የዚያን ቀን ሥራ እሱ ነው።

በዚያው ቀን የሚደረገው ግምገማ

እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የወጣው ስታርት የተባለው ጥናት 4685 ሰዎችን በሁለት ከፍሎ ነበር፤ ግማሾቹ የሲዲ ፎር ቁጥራቸው ከ500 በላይ ሳለ ወዲያው ሕክምና ጀመሩ፣ ግማሾቹ ቁጥሩ ወደ 350 እስኪወርድ ቆዩ። ወዲያው የጀመሩት በከባድ ሕመም ወይም በሞት የመጠቃት ዕድላቸው በ57 በመቶ ያነሰ ሆነ። ያኔ «ገና ነው፣ ደምዎ ጠንካራ ነው» የሚለው የድሮ ምክር ቦታ አጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ምርመራው የተረጋገጠለት ሰው ሁሉ የሲዲ ፎር ቁጥሩ ሳይታይ ሕክምና እንዲጀምር መከረ፤ በ2017 ደግሞ ይህ በሰባት ቀን ውስጥ፣ ዝግጁ ለሆነ ሰው ደግሞ በዚያው ቀን እንዲሆን አከለበት።

ስለዚህ ጥያቄው «መቼ እንጀምር?» መሆኑ ቀርቶ «ዛሬ እንዳንጀምር የሚያግደን ምን አለ?» ሆኗል። የሚያግዱት ነገሮች ጥቂት ናቸው፣ ዋናውም የማጅራት ገትር ምልክት ነው፤ የቆየና የሚብስ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የአንገት መገተር፣ የአእምሮ መደነጋገር ወይም የእይታ መደራረብ ያለበት ሰው ክኒን ሳይሰጠው ወደ ሆስፒታል ይላካል። በክሪፕቶኮከስ ፈንገስ የመጣ ማጅራት ገትር ላይ ፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ቶሎ ከተጀመረ የሚያገግመው የሰውነት መከላከያ በአንጎል ውስጥ ግፊት አባብሶ ሊገድል ስለሚችል፣ ፀረ ፈንገሱ ከተጀመረ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይጠበቃል። በሳንባ ነቀርሳ ማጅራት ገትርም መዘግየቱ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ነው።

ለሳንባ ነቀርሳ አራት ጥያቄዎች ሁልጊዜ ይጠየቃሉ፤ ሳል፣ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ። አንዱ እንኳ ካለ አክታ ለሞለኪውል ምርመራ ይላካል። የማጅራት ገትር ምልክት ከሌለ ግን ውጤቱ እስኪመጣ ሕክምናውን ማገድ አያስፈልግም፤ ተጀምሮ በሰባት ቀን ውስጥ ታካሚው ተመልሶ ይታያል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የጀመረ ሰው ደግሞ ፀረ ኤች አይ ቪውን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጀምራል። አራቱም ምልክቶች ከሌሉ የመከላከያ ሕክምና ይሰጠዋል፤ አይሶናያዚድ ለስድስት ወር፣ ወይም ራይፋፔንቲንና አይሶናያዚድ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ወር።

የደም ናሙና ለሲዲ ፎር፣ የኩላሊትን ሥራ ለሚያሳየው ክሬአቲኒን፣ ለጉበት ቫይረስ ቢና ለሄሞግሎቢን በዚያው ቀን ይወሰዳል፤ ክኒኑ ግን ውጤቱን አይጠብቅም፤ የታወቀ የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ በእርጅና የገፋ ወይም ለረጅም ጊዜ የስኳርና የደም ግፊት ታካሚ የሆነ ሰው ሲኖር ብቻ ክሬአቲኒኑን መጠበቅ ተገቢ ነው። ሲዲ ፎር ለመጀመር አያስፈልግም ማለት አያስፈልግም ማለት አይደለም። ብዙ ቦታ «ለሁሉም ይሰጣል» ከተባለ በኋላ ልኬታው ተረስቷል፤ ይህ በእኔ ግምት ትልቅ ጉዳት ያስከተለ አለመግባባት ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ከ200 በታች የሆነ ሰው በመልኩ ደህና ሊመስል ይችላል፣ የሚሞተው ግን ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው።

ቁጥሩ ከ200 በታች ለሆነ፣ ወይም በዓለም ጤና ድርጅት የኤች አይ ቪ ሕመም አመዳደብ የሦስተኛ ወይም የአራተኛ ደረጃ ሕመም ላለበት ሰው ተጨማሪ ጥበቃ ያስፈልጋል፤ ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች የሆነና አዲስ የተገኘ ሕፃንም ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን በዚሁ ይመደባል። ኮትሪሞክሳዞል ለአዋቂ በቀን 960 ሚሊ ግራም ይጀመራል። የክሪፕቶኮከስ አንቲጂን በደም ይመረመራል፤ ከተገኘና ራስ ምታት ከሌለ እንኳ የጀርባ አጥንት ፈሳሽ ምርመራ ተደርጎ ማጅራት ገትር ካልታየ ፍሉኮናዞል ይሰጣል። የሽንት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አክታ ማውጣት ለማይችል የተዳከመ ሰው በተለይ ይጠቅማል። እንዲህ ያለ ታካሚ የመጀመሪያው ቀጠሮ ወር ሳይሆን ሳምንት ነው፤ ካልመጣም ይደወልለታል።

መድኃኒቱ

ለአብዛኛው አዋቂና ክብደቱ 30 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ለሆነ ወጣት የሚመረጠው ቴኖፎቪር 300፣ ላሚቩዲን 300 እና ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊ ግራም በአንድ ክኒን የያዘው ጥምረት ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብ ጋር ወይም ያለ ምግብ ይወሰዳል። ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶችም ያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በፅንስ የነርቭ ዘንግ ላይ ጉዳት ያስከትል ይሆናል የሚል ስጋት ተነሥቶ ነበር፣ ተጨማሪ ማስረጃ ሲሰበሰብ ግን ስጋቱ ረግቧል። ጥምረቱ የጉበት ቫይረስ ቢንም ይጫናል፤ ስለዚህ ሁለቱም ቫይረስ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በድንገት ቢያቋርጥ ጉበቱ ሊቆጣ እንደሚችል ማወቅ አለበት።

የዶሉቴግራቪር ችግር በራሱ ሳይሆን በአብሮ አደሮቹ ነው። ሪፋምፒሲን መጠኑን በደም ውስጥ ስለሚቀንሰው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ተጨማሪ የ50 ሚሊ ግራም ክኒን ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ይወስዳል። የሜትፎርሚን መጠን በቀን ከ1000 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። የጨጓራ አሲድ መከላከያ አልሙኒየምና ማግኒዝየም ያለው ሽሮፕ ከተወሰደ ክኒኑ ከእሱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይዋጣል፤ ብረትና ካልሲየም ግን ከምግብ ጋር አብረው ሊወሰዱ ይችላሉ፤ ይህ ለነፍሰ ጡሮች ትልቅ ነገር ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ በተለይ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል፣ ከሐኪም ጋር ሳይመካከሩ አብረው አይሰጡም። ታካሚው ከፋርማሲ በራሱ የሚገዛውን ሁሉ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ «ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ሲባል የጨጓራ ሽሮፕን እንደ መድኃኒት የሚቆጥር ሰው ጥቂት ነው።

እንቅልፍ ማጣት ካስቸገረ ክኒኑ ወደ ጠዋት ይዛወራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክሬአቲኒን ትንሽ ከፍ ቢል ዶሉቴግራቪር የክሬአቲኒንን መወገድ ስለሚገታ ሊሆን ይችላል፤ የግድ ኩላሊቱ ተጎዳ ማለት አይደለም፤ መጨመሩ ከቀጠለ ግን ምክንያቱ ቴኖፎቪር መሆን አለመሆኑ ይመረመራል። የክብደት መጨመርና የስኳር ከፍታም በክትትል ይታያሉ። የተረሳ ክኒን ባስታወሱት ሰዓት ይወሰዳል፣ ሁለት ግን አንድ ላይ አይዋጥም።

እናትና ሕፃን

ምንም ጥንቃቄ ካልተደረገ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ከ15 እስከ 45 በመቶ ባለው ዕድል ነው፤ በሕክምና ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። በመጀመሪያው ክትትል «የለም» የተባለች ነፍሰ ጡር ኤች አይ ቪ በስፋት በሚገኝበት አካባቢ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ዳግም ትመረመራለች፤ በእርግዝናና በማጥባት ወቅት የሚያዝ አዲስ ቫይረስ ለልጁ እጅግ አደገኛ ነው።

ሕፃኑ እንደተወለደ የኔቪራፒን መከላከያ ይጀምራል፤ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ይቀጥላል። የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል እስከ 18 ወር በደሙ ስለሚቆይ ፈጣኑ ምርመራ በእሱ ላይ አይሠራም፤ በደረቀ የደም ጠብታ የዘረ መል ምርመራ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ዕድሜ ይደረጋል፣ በዘጠኝ ወር ይደገማል፣ የመጨረሻው ማረጋገጫ በ18 ወር ወይም ጡት ከተወ ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ከሁለቱ የዘገየው ይወሰዳል። ቫይረሱ የያዛቸው ሕፃናት ሕክምና ካላገኙ ግማሽ ያህሉ ሁለተኛ ዓመታቸውን አይደፍኑም። ስለዚህ የመጀመሪያው ውጤት «አለ» ካለ ሁለተኛ ናሙና ተወስዶ ሕክምናው በዚያው ቀን ይጀመራል፤ ሁለተኛው ውጤት እስኪመጣ አይጠበቅም። የክትባት ቀጠሮው ስድስተኛ ሳምንት ላይ በመሆኑ የደም ጠብታውን ከክትባቱ ጋር ማያያዝ እናቲቱን አንድ መንገድ ያተርፋታል።

አጋሮችና ልጆች፣ እንዲሁም «የለም» የተባለው ሰው

አዲስ ለተገኘ ሰው ሁሉ የአጋሮቹና የልጆቹ ጉዳይ ይነሣል፤ ሁሉም በፈቃዱ ነው። መንገዱን እሱ ይመርጣል፤ ራሱ ሊነግር፣ ከባለሙያው ጋር አብሮ ሊነግር፣ ወይም ስሙ ሳይጠቀስ ባለሙያው እንዲጠራለት ሊያደርግ ይችላል። የጥቃት ስጋት ያለባት ሴት ከሆነች ደኅንነቷ ይቀድማል። ልጆችን በተመለከተ «ደህና ነው፣ አድጓል» የሚለው መልስ አያሳምን፤ ሳይታወቅ እስከ ጉርምስና የሚደርሱ ልጆች አሉ።

ቫይረሱ ያልተገኘበት ግን የተጋለጠ ሰውም ባዶ እጁን አይወጣም። ተጋላጭነቱ ካለፉት 72 ሰዓታት ውስጥ ከሆነ ለ28 ቀን የሚወሰድ የድኅረ ተጋላጭነት መከላከያ ወዲያው ይጀመራል፤ በየሰዓቱ ጥቅሙ ስለሚቀንስ ወደ ሌላ ተቋም ከመላክ በፊት የመጀመሪያው ክኒን እዚያው ይዋጣል። ተጋላጭነቱ የሚቀጥል ከሆነ የቅድመ ተጋላጭነት መከላከያ ይቀርብለታል፤ ዕለታዊ ክኒን፣ በሁለት ወር የሚሰጥ የካቦቴግራቪር መርፌ፣ እንደ አቅርቦቱም በስድስት ወር አንዴ የሚወጋው ሌናካፓቪር።

ክትትልና የተቋረጠውን መቀጠል

የቫይረስ መጠን በስድስተኛው ወር፣ በአሥራ ሁለተኛው ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ይለካል። በምርመራ የማይታይ ከሆነ ታካሚው ይህን በግልጽ ሊሰማው ይገባል፤ በወሲብ አያስተላልፍም። መጠኑ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1000 የቫይረስ ቅጂ በላይ ከሆነ ለመድኃኒት ለውጥ አይቸኮልም፤ ዶሉቴግራቪርን ቫይረሱ የሚለምደው እምብዛም ነው፤ የተለመደው ምክንያት ክኒኑ አለመዋጡ ነው። ለምን እንዳልተዋጠ ያለ ቁጣ ይጠየቃል፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ የመውሰድ (የቁርኝት) ምክሩ ይጠናከራል፣ ከሦስት ወር በኋላ ልኬታው ይደገማል። ቫይረሱ የተጫነለት ሰው ደግሞ በየወሩ እንዲመላለስ ማድረግ ለእሱም ለክፍሉም ሸክም ነው፤ የሦስት ወይም የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይሰጠዋል።

አቋርጦ የተመለሰ ሰው ከሁሉም በላይ የሚፈራው ተግሣጹን ነው፤ ብዙዎቹ ለወራት የሚዘገዩት ጤናቸው ስላልከፋ ሳይሆን «የት ነበሩ?» መባሉን ስለሚሸሹ ነው። የመጀመሪያው ቃል «እንኳን ተመለሱ» ይሁን። እንደ አዲስ የአራቱ የሳንባ ነቀርሳ ምልክቶችና የራስ ምታት ጥያቄ ይደገማል፣ ሲዲ ፎር ይለካል፣ ማጅራት ገትር ካልተጠረጠረ ክኒኑ በዚያው ቀን ይመለስለታል፤ ያቋረጠበት ምክንያት የትራንስፖርት፣ የሥራ ሰዓት ወይም የምስጢር ጉዳይ ከሆነ የሚቀጥለው ቀጠሮ በዚያ ልክ ይስተካከላል፤ የቫይረስ መጠኑም ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲለካ ቀኑ በካርዱ ላይ ይጻፋል።